ቻይና ለትምህርት ልሄድ ነው፣ ከጓደኛ ጋር መብላት መጠጣቱ እንዴት ነው? ፆመኛ ነኝ

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። የቻይና መንግስት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ አግኝቼ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ቼንግዱ ልሄድ ነው እግዚአብሔር ካለ። ስለ ቪዛ፣ ስለ ሜዲካል፣ ስለ ሰነድ ብዙ ተፅፏል አንብቤዋለሁ፣ እሱን አይደለም የምጠይቀው። የኔ ጥያቄ ሰው ብዙም የማያወራው ነገር ነው፣ እዛ ሰው ከሰው ጋር እንዴት ነው የሚውለው? ማለቴ ክላስሜትሽ ራት እንብላ ካለሽ ማን ነው የሚከፍለው፣ ቤቱስ ይጠራሻል ወይ፣ አልጠጣም ስትዪው ቅር ይለዋል ወይ፣ እንደዚህ እንደዚህ ያለውን ነው።

ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ረቡዕና አርብን ጨምሮ ሁሉንም አፅዋማት እፆማለሁ፣ አሳማ ደግሞ ቀምሼ አላውቅም አልቀምስምም። የምሰራው ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ስለሆነ ቻይናዎቹን በየቀኑ አገኛቸዋለሁ፣ ግን እነሱ የራሳቸው መመገቢያ አላቸው እኛም የራሳችን፣ ከሰላምታና ከስራ ውጪ ሌላ ወሬ የለንም። እናቴ በርበሬውን ገዝታ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እየቀነጠሰ ነው፣ እና በርበሬ ሊቀነጥስ የመጣ ሁሉ የየራሱን ያወራል፣ አንዷ ዘይታቸው ሁሉ የአሳማ ነው ትላለች፣ አንዱ ሰዎቹ ፈረንጅና ጥቁር አያስጠጉም ይላል፣ እናቴ ይሄን ስትሰማ አንድ ኪሎ ሽሮ ትጨምራለች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ረሀቡ አይደለም፣ አልበላም አልጠጣም እያልኩ ከሰው ተለይቼ ዶርም ውስጥ እንዳልቀር ነው። እስቲ የኖራችሁበት ንገሩኝ።

ቼንግዱ ተመላሽ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም ቼንግዱ ነው የተማርኩት፣ አሁን ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ስለዚህ ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ ምክንያቱም ጥያቄሽ ትልቅ ነው፣ እዛ ሄደው ዲግሪ ብቻ ይዘው የተመለሱና ሰው ይዘው የተመለሱ ሰዎች ልዩነታቸው እዚሁ ገበታ ላይ ነው።

ቻይና ውስጥ ጓደኝነት የሚጀመረው በምግብ ነው። ካፌ ሻይ እንጠጣ የሚባል ነገር አለ በተለይ ቼንግዱ ሻይ ቤቱ ብዙ ነው፣ ፒፕልስ ፓርክ ውስጥ ሽማግሌው ወጣቱ ቀርከሃ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ክዳን ባለው ስኒ ሲጠጣ ይውላል፣ ሙቅ ውሃ እየዞሩ ይሞሉልሻል ማንም ተነሺ አይልሽም። ግን ሰው ካንቺ ጋር መቀራረብ ሲፈልግ የሚለው ራት እንብላ ነው። ራት ደግሞ በጊዜ ነው፣ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት አካባቢ ተቀምጠዋል፣ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ምሳ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፣ እንደኛ 8 ሰዓት ላይ ምሳ ፍለጋ ከሄድሽ የተረፈ ነው የምታገኚው።

አቀራረቡ ክብ ጠረጴዛ ነው፣ መሀሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት አለ፣ ወጡ ሁሉ እዛ ላይ ይቀመጥና ለሁሉም ነው፣ ሩዙ ብቻ የግልሽ ነው። ይሄ ለፆመኛ ትልቅ እድል ነው ምክንያቱም አንድ ምግብ ለራስሽ አዘሽ ከሰው አትለዪም፣ አስር ሳህን ካለ ሶስቱ አትክልት ነው፣ ከሶስቱ ትበያለሽ ማንም አይቆጥርብሽም። ቀጭን ተደርጎ የተከተፈ ድንች በኮምጣጤና በቃሪያ፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ላይ የሚጠበስ፣ በነጭ ሽንኩርት ቶሎ ጠበስ የተደረገ ቅጠላቅጠል፣ የኪያር ሰላጣ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ እንደ አይብ ያለ ነገር)። ቶፉው ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ የሲቹዋን (ቼንግዱ ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው) ቀይ ቶፉ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ ስጋ ጣል ተደርጎበታል። ዘይቱን በተመለከተ ደግሞ በርበሬ ቀንጣሿ ትንሽ እውነት አላት፣ አብዛኛው ምግብ ቤት በአትክልት ዘይት ነው የሚሰራው ግን አንዳንዱ ቅጠሉን በአሳማ ስብ ይጠብሰዋል፣ የዶሮ ዱቄት የሚሉትን ማጣፈጫ ደግሞ እንደ ጨው ጣል ያደርጉበታል። ስለዚህ ስልክሽ ላይ በቻይንኛ አንድ ፅሁፍ አዘጋጂ፣ ስጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የአሳማ ስብ፣ የዶሮ ዱቄት አይግባበት የሚል። ለአስተናጋጇ ማሳየት ብቻ ነው። እና ልብ በይ፣ ስጋ ብቻ ተብሎ ከተፃፈ አሳማ ነው፣ የበሬና የበግ ሲሆን ለይተው ይፅፋሉ።

ደግሞ ፆም ለነሱ ባዕድ ነገር አይደለም። ቡድሂስት የሆኑ እናቶችና አያቶች በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1 እና በ15 ስጋ የማይበሉ ብዙ አሉ። እኔ ለክላስሜቶቼ ረቡዕና አርብ ለሃይማኖቴ ብዬ ከእንስሳት የሚገኝ አልበላም ስላቸው አንዷ ወዲያው "አያቴም እንደዛ ናት" ብላ ለሌሎቹ አስረዳችልኝ፣ ከዛ በኋላ ምግብ ሲታዘዝ እነሱ ራሳቸው ናቸው የኔን የሚያስታውሱት። ቼንግዱ ውስጥ ዌንሹ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ፣ የራሱ የፆም ምግብ ቤት አለው፣ ከአኩሪ አተር የሚሰሩት ነገር ስጋ ነው እስክትይ ድረስ ነው። እንቁላልና ወተት ያለበት ሊኖር ስለሚችል እዛም ፅሁፉን አሳዪ።

ሂሳቡ ላይ እንደኛው ነው፣ የጠራ ይከፍላል። ትልልቅ ሰዎች ጋር ከሆነ ሂሳብ ላይ ትግል አለ፣ ክንድ መያያዝ፣ ስልክ መቀማማት፣ አንዱ ጓደኛዬ ሁሌ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነስቶ ካሸሩ ጋ ስካን አድርጎ ይመለሳል፣ እኛ ልንከፍል ስንነሳ ተከፍሏል ይሉናል። ተማሪዎች እርስ በርስ ግን በአብዛኛው ይካፈላሉ፣ አንዱ ይከፍልና ዊቻት (እንደ ቴሌግራም ያለ የነሱ አፕ ነው፣ ክፍያም አለው) ግሩፕ ላይ የየድርሻውን ይጠይቃል፣ ይሄ ቅሬታ የለውም። ዋናው ነገር የጠራሽን ሰው መልሰሽ መጥራት ነው። እየተጋበዙ ዝም ማለት እዛ በደንብ ይታያል። ለማስተርስ በወር 3000 ዩዋን ነው የሚሰጡሽ ዶርሙ ነፃ ነው፣ ካፌ ውስጥ በ10 እና በ20 ዩዋን መካከል ትጠግቢያለሽ፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ሰው መጋበዝ አያቅትሽም።

ገላን ጉራ፦

እኔ በዚህ አልስማማም ይቅርታ። ወንድሜ ጥሩ ብለሃል ግን ልጅቷ ፆመኛ ነኝ እያለች ነው፣ አንድ ገበታ ላይ አሳማው ከቅጠሉ ጋር ተቀምጦ የተነከረበት ቾፕስቲክ ቅጠሉ ውስጥ እየገባ ምን ፆም ነው? እኔ ዉሃን ነበርኩ፣ እኛ የሀበሻ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን ሽሮ ሰርተን ቡና አፍልተን ነው ያሳለፍነው፣ ማንም አልጎደለብንም። እህቴ ድርቆሽሽንና በርበሬሽን ያዢ፣ እዛ ሀበሻ አታጪም፣ ፆምሽን ጠብቀሽ ተምረሽ ተመለሺ። ሰው ለመምሰል ብለሽ መጨነቅ የለብሽም።

ለገጣፎ 04፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ ሺአን ነው የተማርኩት፣ የቾፕስቲኩ ነገር እኛንም ይመለከተናልና ልናገር። መፍትሄው ከገበታው መቅረት አይደለም፣ ገበታው የት እንደሚሆን አንቺ መምረጥሽ ነው። በየትኛውም የቻይና ከተማ፣ በየሰፈሩ ማለት ይቻላል፣ የሙስሊም ምግብ ቤት አለ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ታፔላ በቻይንኛ ሐላል የሚል ፅሁፍ ያለው፣ በተለይ የላንጆው ኑድል ቤት የሚባሉት። ሊጡን ፊትሽ በእጁ እየሳበ ይሰራልሻል፣ አሳማ እዛ ቤት ደጃፍ አይደርስም፣ ብዙዎቹ መጠጥም አይሸጡም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለሙስሊም ተማሪ የተለየ ካፌ አላቸው፣ ማንም ገብቶ መብላት ይችላል። የፍስክ ቀን ክርስቲያኖቹ የሀበሻ ልጆች ከኛ ጋር እዛ ነበር የሚበሉት እንግዲህ አስቢው፣ እዚህ በየስጋ ቤታችን የምንለያይ ሰዎች።

ሺአን ከሄድሽ ደግሞ (ከቼንግዱ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው) ፓኦሞ የሚባለውን የበግ ሾርባ ቅመሺ። ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ደረቅ ቂጣ ይሰጡሻል፣ ቂጣውን ራስሽ ነሽ በእጅሽ የምትቆራርሺው፣ ደቃቅ ደቃቅ አድርገሽ። ከዛ ሳህኑን (ያንቺ መሆኑ እንዲታወቅ ቁጥር አለው) ይወስዱና ሾርባው ውስጥ አብስለው ያመጡልሻል፣ ፍትፍት በይው። የሚበላው ሳይሆን የሚቆረሰው ነው ጊዜ የሚወስደው፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እየቆረሰ ያወራል፣ አሸንፎ የጨረሰ የሌላውን ያግዛል። ከቻይና ጓደኞቼ ጋር የልብ የልባችንን ያወራነው እዛ ነው፣ ስለ ቤተሰብ፣ አንዱ አባቱ ስለሞተበት ጊዜ፣ ሌላው ቤተሰቡ አግባ አግባ እያሉ እንዴት እንዳስጨነቁት። ሬስቶራንት ውስጥ ክብ ጠረጴዛ ላይ አስር ሰው ባለበት እንደዚህ አይወራም። ስለዚህ ትልቁን ግብዣ ተገኚ፣ ጓደኝነቱን ግን ሁለት ሶስት ሆናችሁ ትንንሽ ቤት ውስጥ አድርጉት።

ገላን ጉራ ወንድሜ አንተ ያልከውን አከብራለሁ፣ ከሀገር ልጅ ጋር መሰብሰብ ነፍስ ይዘራል። ግን ሶስት ዓመት ቻይና ኖሮ አንድ የቻይና ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ መመለስ ያሳዝነኛል፣ ከልቤ ነው።

ዱከም ሳይት፦

እኔም ያው ዞን ውስጥ ነኝ እህቴ፣ ማሽን ጥገና ላይ። ፋብሪካ ውስጥ ያሉትን አይተሽ ቻይናን አትመዝኚ። እነዚህ ሰዎች ሚስትና ልጅ ትተው ካምፕ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ጠዋት ማታ ስራ ነው፣ ቋንቋም የለም። የራሳቸውን ምግብ የሚበሉት ስለናቁን አይደለም፣ አንቺ ሽሮ ጭነሽ እንደምትሄጂው ነው። የኛ ሳይት ላይ አንድ ሼፍ አለ ከሲቹዋን የመጣ፣ ግቢው ጥግ ላይ የራሱን ጎመንና ረዥም ባቄላ ተክሎ ማታ ማታ ውሃ ሲያጠጣ ታዪዋለሽ፣ ዘሩን አሳይቶኝ እኔም እናቴ ጓሮ ተክዬዋለሁ። በነሱ አዲስ ዓመት ደግሞ የኛን ሺፍት ሰዎች ጠርቶ ሊጥ ዳምጠን እንዴት እንደሚጠቀለል አሳየን፣ ለሙስሊሞቹና ለኛ ብሎ የበሬ ስጋ ለብቻ ነው ያዘጋጀው፣ ማንም አላዘዘውም።

ስለዚህ ምክሬ፣ ገና ጊዜ አለሽ፣ እዚሁ ጀምሪ። አንዷን የቻይና ሴት ሰራተኛ ቼንግዱ ልማር ልሄድ ነው በያት፣ የፈለገ ቋንቋ ባይኖር በስልክ ትራንስሌተር ትግባባላችሁ። ሲቹዋን ነኝ የምትል ካገኘሽማ እንዴት ደስ እንደሚላት ታያለሽ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የአያቷን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፣ "እነሱም ይፆማሉ?" ብላ ደጋግማ ነው ያስጠየቀችኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንደኛ ሆትፖት የሚሉት ነገር ቼንግዱ ውስጥ የግድ ነው ይሉኛል፣ ሁሉም ሰው አንድ ድስት ውስጥ እየጨመረ ከሆነ በፆም ቀን እንዴት ነው የማደርገው? ሁለተኛ መጠጡ፣ ፕሮፌሰሩ ብርጭቆ አንስቶ ጠጪ ቢለኝስ?

ቼንግዱ ተመላሽ፦

ሆትፖቱን በተመለከተ ገላን ጉራ ያነሳው ነገር እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ እሱን አልክድም። የቼንግዱና የጎረቤቷ ከተማ የቾንግቺንግ ቀይ ሾርባ ብዙ ጊዜ በበሬ ሞራ ነው የሚሰራው፣ ቀዝቅዞ ሲመጣ ሞራው ረግቶ ታዪዋለሽ። ቼንግዱ ውስጥ በአትክልት ዘይት ብቻ የሚሰራም አለ ግን ሰው ስጋውን ስለሚጨምርበት ለፆም አይሆንም። መሀሉ የተከፈለ ድስት ቢመጣም ማንኪያው ከዚህ ወደዛ መሄዱ አይቀርም። የሚያዋጣው ለየሰው ትንሽ ትንሽ ምድጃ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ አንቺ የእንጉዳይ ወይ የቲማቲም ሾርባ ታዢና (መረቁ በአጥንት የተሰራ እንዳይሆን ፅሁፉን አሳዪ) ጎመን፣ ድንች፣ የሎተስ ስር፣ ቶፉ፣ እንጉዳይ በራስሽ ድስት ትቀቅያለሽ። ሁሉም እኩል ይበላል እኩል ያወራል።

ካልሆነ ቀኑን አንቺ አስቀድሚ። ተማሪ የሚወጣው አርብ ማታ ነው፣ ስለዚህ ሀሙስ ወይ ቅዳሜ ይሁንልኝ በያቸው፣ ምክንያቱን ካወቁ ቀኑን መቀየር ለነሱ ምንም አይደለም። የፍስክ ቀን ሲሆን ደግሞ ጨጓራ ትወጂያለሽ? ቼንግዱ የጨጓራ ሀገር ነው። ስሱን ጨጓራ በቾፕስቲክ ይዘሽ የሚፈላው ሾርባ ውስጥ እያነሳሽ እየነከርሽ አስራ አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ፣ ከዛ ካለፈ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ከዛ በሰሊጥ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ የሚሉት ፍሬ ከንፈር ያደነዝዛል አትደንግጪ። ለበርበሬ ሀገር ሰው ትመቻለች ቼንግዱ።

የመጠጡን ነገር እናት ትመልስልሽ፣ እሳቸው ብዙ ግብዣ ያዩ ናቸው (የጓንጁዋ ነጋዴ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ነዎት አይደል?)

የጓንጁ ነጋዴ፦

አለሁ ልጆቼ። ስሜን ስታነሱ አየሁ። እኔ ተማሪ አልነበርኩም፣ እቃ ላመጣ ነው ጓንጁ የምመላለሰው፣ አሁን ጉልበቴ ስለያዘኝ ሰንዳፋ ቁጭ ብያለሁ፣ ልጄ ናት የምትሄደው። ልጄ ስለ መጠጡ አትጨነቂ። ባይጁ የሚሉት አረቄያቸው ከባድ ነው ግማሽ በግማሽ አልኮል ነው፣ እኔ አንድም ቀን አልቀመስኩም ማንም አልተቀየመኝም። በአረቄ ፋንታ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ራሱ የታወቀ ስርዓት ነው እነሱም ያደርጉታል። ዋናው ሌላው ብርጭቆ ሲያነሳ ባዶ እጅሽን ቁጭ ብለሽ አለመመልከት ነው፣ ሲነሱ ተነሺ፣ በሁለት እጅሽ ያዢ፣ ስታጋጪ ያንቺን ከትልቁ ሰው ብርጭቆ ዝቅ አድርገሽ፣ በቃ። ይሄን ስታደርጊ ያየ ፕሮፌሰር ያንቺን አስተዳደግ ያውቀዋል።

ቤት ከተጠራሽ ባዶ እጅ አትሂጂ፣ ፍራፍሬ ይበቃል፣ ግን ከቤትሽ የተቆላ ቡና ይዘሽ ብትሄጂ ይርጋጨፌ ስትያቸው ያውቁታል፣ ቡና የሚጠጡ ወጣቶቻቸው ስሙን ሰምተውታል። ሰዓት ብቻ በስጦታ አትስጪ የሞት ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። ጫማ ታወልቂያለሽ ነጠላ ጫማ ያቀርቡልሻል። ሩዙ ላይ ቾፕስቲክ አቁመሽ አትተዪ ለሙታን የሚያጥኑት እንደዛ ነው። የቤቱ እመቤት ሳህንሽ ላይ እየደጋገመች ታስቀምጥልሻለች፣ የማትበዪው ከሆነ ቀድመሽ በትህትና ንገሪያት እንጂ ዝም ብለሽ ሳህን ላይ አታከማቺ። እኔን አንዷ ጨርቅ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ እናቷ ቤት ወስዳኝ ነበር፣ ልጅቷ እንግዳዬ አሳማ አትበላም ስትላቸው እናትየዋ ድስቱን በሙሉ አጥበው እንደገና ነው የሰሩልኝ፣ ወጥ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ድስቱን በሎሚ ሳሙና አጥበው አጥበው፣ ከዛ አሸተቱት። ያቺን እናት እስከዛሬ በበዓላቸው እደውልላታለሁ።

ማደር ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ። የውጭ ሀገር ሰው ከሆቴል ውጪ ሰው ቤት ሲያድር በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት፣ ሕግ ነው፣ ጓደኛሽን እንዳታስቸግሪ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እና ለእናትሽ ንገሪያት ቋንጣና ቅቤ አትላክ፣ ስጋና የወተት ነገር ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። ሽሮው በርበሬው በደንብ ታሽጎ።

ገላን ጉራ፦

እማማ ያሉት ጥሩ ነው። ለየብቻ ድስት ካለ እኔም ተቃውሞ የለኝም። የንስሐ አባትሽን ግን ጠይቂ እህቴ፣ እሳቸው የሚሉሽ ከሁላችን ይበልጣል። ሌላ ልጨምርልሽ፣ ዶርም ክፍል ውስጥ ምድጃ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ የጋራ ኪችን ያለው ፎቅ ይሰጡሽ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ኪችን ካለሽ አንቺ ራስሽ ጋብዢያቸው፣ ሽሮና ምስር ሰርተሽ በእጅ ብሉ በያቸው፣ እኛ ይሄን አላደረግንም ነበር። የጨረቃ በዓላቸው ደግሞ ልክ እንደገባሽ ነው የሚደርሰው፣ ኬክ ይሰጡሻል፣ ብዙዎቹ ውስጥ የእንቁላል አስኳል ወይ የአሳማ ስብ አለ፣ ተቀበዪ አመስግኚ፣ የማይሆንሽ ከሆነ ለሌላ ትሰጫለሽ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

እሺ፣ የንስሐ አባቴን እሁድ አናግራቸዋለሁ፣ እማማ እርስዎንም እግዜር ጤናዎን ይመልስልኝ። ለእናቴ የድስቱን ነገር ሳነብላት አለቀሰች። ዱከም ሳይት ወንድሜ የምትለውን ሼፍ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ብታስተዋውቀኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀረኝ፣ ዊቻት ልከፍት ስል ነባር ተጠቃሚ ስካን ያድርግልሽ ይለኛል፣ እንዴት ነው?

ቼንግዱ ተመላሽ፦

እሱ አንድ ሰው ከስልኩ ላይ ያረጋግጥልሻል፣ አካውንቱ የቆየ መሆን አለበት፣ የኔ ይሆናል። ከመሄድሽ በፊት መክፈትሽ ግድ ነው ምክንያቱም ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ እዛ አይከፍትልሽም፣ ቀጠሮም ሂሳብም የክላስ ግሩፕም ሁሉም ዊቻት ላይ ነው። ለእናትሽም ስልኳ ላይ ጫኚላት፣ 5 ሰዓት ይቀድሙናል፣ አንቺ ራት በልተሽ ስትጨርሺ እሷ ምሳዋን ነው የምታነሳው ስለዚህ ያኔ ታገኛታለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እመጣለሁ፣ የሁለታችሁንም ስልክ ይዘሽ ነይ።